በነጻ የመጣች ድመት ስንት ታስወጣለች?

የሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ካርቶን ውስጥ የተደራረቡ አራት የድመት ግልገሎች፣ ከሥር «በነጻ ነው፣ የሚፈልግ በውስጥ ያውራኝ» የሚል ጽሑፍ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልቡ ይዘንባል። «ወይኔ ሲያምሩ!» የሚሉት ብዙ ናቸው። «አንዷን ልውሰዳት» የሚል ሰው ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ድመት ማሳደግ ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። ለመውሰድ ያሰቡ ጓደኞቼ ደውለው የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ «ብዙ ታስወጣለች እንዴ?» አጭሩ መልስ አዎ፣ ካሰባችሁት በላይ የሚል ነው። ረጅሙን እዚህ ልጻፈውና ከእንግዲህ ሊንኩን እልክላቸዋለሁ።

በእናቶቻችን ቤት ድመት ሠራተኛ ነበረች። እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ ደመወዟ የእንጀራ ፍርፋሪና የተጋጠ አጥንት ነው። ሽንት ቤቷ ጓሮው፣ ሐኪሟ ዕድሏ። ከታመመች ትጠፋለች፣ ሌላ ትመጣለች። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ጓሮ የለም፤ አይጡም ደግነቱ ብዙ አይደለም። ድሮ ጓሮውና አይጡ ይሸፍኑት የነበረውን የሚከፍለው አሁን የእኛ ኪስ ነው።

ዋጋውን በብር እየዘረዘርኩ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ የድመት ምግብ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ እናንተ እስክታነቡት ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ልንገራችሁ፤ በሰፈራችሁ ሱፐርማርኬት ዋጋ እናንተው አባዙት። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 60 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ትፈልጋለች። በወር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ በዓመት 22 ኪሎ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፤ ከመውሰዳችሁ በፊት አሁኑኑ ምቱት።

ይህን የማይችል ኪስ (የእኔም የወሩን ግማሽ አይችልም) ፊቱን ወደ ሥጋ ቤት ያዞራል። ለድመት በብዛት የሚገዛው ሳንባ ነው፤ ይቀቀላል፣ ይከተፋል፣ ይበላል። ግን ሳንባ ብቻውን አይበቃትም። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ሰውነቷ ውስጥ ማምረት አትችልም፤ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ለረጅም ጊዜ ከጎደላት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ልብ ላይ በደንብ ይገኛል፤ ስለዚህ ሥጋ ሻጩን «ልብም ጨምርበት» በሉት። ጉበት ግን ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ የቫይታሚን ኤ መመረዝ ያመጣባታል።

እዚህ ላይ ነው ጾሙ የሚመጣው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ሲባል እንደ ስድብ ነው የሚነገረው፤ የእንስሳት ሐኪም ብትጠይቁ ግን ልክ ነች ይላችኋል። በሽሮና በምስር ዓመቱን መዝለቅ ሰውነቷ አይችልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የጾመኛ ቤት ፍሪጅም ባዶ ነው። እኔ ከቅበላ በፊት የሚሚን ድርሻ ቀቅዬ፣ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። መብራት ሲጠፋ ሁለታችንም እንጸልያለን። እናቴ መጀመሪያ «በጾም ቤት ውስጥ ሥጋ!» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን «የልጅቷ አለቀ ወይ?» ብላ የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

በፍስኩም ቢሆን ወጥ አትስጧት። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ መብሰሉ ለውጥ አያመጣም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መች ይሠራና! ወተትም ቢሆን ፊልም ላይ ነው የሚያምረው። አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ቀጣዩ ማንም ፎቶ አንሥቶ የማይለጥፈው ጉዳይ ነው፤ ሽንት ቤት። ከውጭ የሚመጣው የድመት አሸዋ ውድ ነው። እኔ የምጠቀመው ከአናጢ ቤት የማመጣውን ሰጋቱራ ነው፤ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ያልነካው መሆኑን ጠይቃችሁ፣ ሚስማር እንዳይኖርበት ነፍታችሁ ተጠቀሙ። የግንባታ አሸዋም ይሠራል፣ ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማውጣቱን ሞክሩትና ንገሩኝ። ምንም ብትጠቀሙ በየቀኑ ይጸዳል። የውኃ ፈረቃችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ሣጥኑ የሚታጠበው በዚያ ቀን ነው፤ ከልብስ በፊት።

በየቀኑ ያልኩት ለሽታው ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ግን ሰውን የመያዝ ዐቅም የሚያገኘው ከወጣ ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ነው። በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡር ሴት ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ሣጥኑን ሌላ ሰው ያጽዳላት፣ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጋ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ነገር ግን «ሚስቴ አርግዛለች» ብለው ድመቷን ሜዳ ላይ ጥለው ማታ ጥሬ ክትፎ የሚያዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያው ተህዋስ በጥሬ ሥጋም እንደሚተላለፍ የነገራቸው የለም። የተባረረችው ድመቷ ብቻ ናት።

ወደ ሕክምናው ልሂድ። አገራችን በቀንድ ከብት ብዛት አፍሪካ ውስጥ ቀዳሚ ናት፤ የእንስሳት ሕክምናውም በዋናነት የተገነባው በበሬውና በላሟ ዙሪያ ነው። ድመት የሚያክም ክሊኒክ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፣ ግን በየሰፈሩ አይደለም። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍያ ላይ የታክሲውን ደምሩ፤ ሹፌሩ ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን ሲያይ ዋጋ ቢጨምርባችሁ አትገረሙ።

ከክትባቶቹ ሁሉ የማይታለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ «የእብድ ውሻ» ስለተባለ ድመትን የማይመለከት ይመስላል። በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ ድመትም ነክሳ ለሰው ታስተላልፋለች። የመጀመሪያው ክትባት በሦስት ወር ዕድሜዋ ገደማ፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ እንስሳ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጠጠቻችሁ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «እስኪ ነገ አየዋለሁ» አይሠራም። የትል መድኃኒትም አለ፤ ትልቅ ድመት በየሦስት ወሩ፣ ግልገል ከዚያ በጣም ቶሎ ቶሎ።

ሐኪም ቤት ላለመክፈል ከቤት መድኃኒት መስጠት ግን መግደል ነው። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጡ ፐርሜትሪን ያለባቸው መድኃኒቶችም እንዲሁ። የአይጥ መርዝ ደግሞ እናንተ ባታስቀምጡም ጎረቤት ያስቀምጣል፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ትመረዛለች። ይህን ለብሎካችን ሰዎች ለማስረዳት ስንት ቡና እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ሴት ድመት አራትና አምስት ወር ሲሞላት ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በአንድ ጊዜ አራት ገደማ ትወልዳለች፣ ገና እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሌላም ነገር አለ፤ ድመት ወንድ የምትፈልግበት ወቅት በቀኑ ርዝመት ይወሰናል። አውሮፓ ክረምት ላይ ቀኑ ሲያጥር ታርፋለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ስለሆነ ለእሷ የዕረፍት ወቅት ብሎ ነገር የለም። በዓመት ሁለት ሦስቴ ወለደች ማለት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ግልገል ማለት ነው። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ «ልውሰዳት» የሚለው አንድ ሰው ነው።

የተረፉት የት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ አናወራውም እንጂ። ገበያ ዳር፣ ድልድይ ሥር፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ። ሚሚን ያገኘኋት ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ካራሰው ካርቶን ውስጥ ነው። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ሲነጋ አልነበሩም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከምግብም ከአሸዋም በፊት ገንዘብ የሚመደብለት ማምከኛው ነው። በአምስትና በስድስት ወሯ በማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቁስሉ እስኪድን ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳትልሰውና እንዳትዘል መጠበቅ ያስፈልጋል። ለወንዱ ቀላል ነው፣ ክፍያውም ያንሳል። የእኔን የከፈልኩት ዕቁብ ሲወጣልኝ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ካወጣሁላት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። «ተፈጥሮዋን መንካት ግፍ አይደለም ወይ?» ያሉኝ አልጠፉም። የነሐሴውን ካርቶን ስነግራቸው ጨዋታ ይቀይራሉ።

በነገራችን ላይ የዘር ድመት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፦ ፈረንጆቹ «አቢሲኒያን» የሚሉት ዘር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በአገራችን ስም ተጠራ እንጂ፣ የዘረመል ጥናቶች ምንጩን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚወስዱት። የእኛዋ ካርቶን ውስጥ ናት።

የቤት ኪራይ ለምትኖሩ፣ አከራያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብቆ ማሳደግ አይቻልም፤ በር ሲከፈት የምትጮኸው እሷ ናት። መስኮትና በረንዳ ላይ የሽቦ ወንፊት አስመቱ፤ ድመት ሁሌ በእግሯ ታርፋለች የሚባለውን አትመኑ፣ ከፎቅ ወድቀው መንጋጋቸውና እግራቸው የሚሰበር ብዙ ናቸው። ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ስትሄዱም ቁልፍ የምትሰጡት የሚታመን ሰው ከወዲሁ ይኑራችሁ።

ከወጪ ሁሉ ግን በእኛ ዕድሜ የሚከብደው ጊዜው ይመስለኛል። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። በ22 ዓመቱ የወሰዳት ሰው 35 ዓመቱ ላይም አብራው ናት። በመካከል ምረቃ አለ፣ ሥራ መቀየር አለ፣ ትዳር አለ። ቪዛም አለ።

ጓደኛዬ አምና አውሮፓ ስትገባ ድመቷን እኔ ጋ ነው የተወችው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገራት ድመት ከኢትዮጵያ ለማስገባት መጀመሪያ ማይክሮችፕ ከቆዳዋ ሥር ይቀበራል፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወስዳለች፣ ከ30 ቀን በኋላ ደሟ ተወስዶ ኅብረቱ በሚቀበለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቢፈጥን ቢፈጥን አራት ወር ነው። ጓደኛዬ ቪዛዋ ከመጣ በኋላ የነበራት ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ነው። ያኔ ቤቷ ቁጭ ብለን ይህን ስናነብ ድመቲቱ የሻንጣው ክዳን ላይ ተኝታ ነበር።

አሁን ቤቴ ሁለት ናቸው፤ 60 ግራሙ 120 ሆኗል። ግማሹን ጓደኛዬ በየወሩ ትልካለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ትደውልና ሰላምታውን ሳንጨርስ «እስኪ ስልኩን አዙሪልኝ» ትላለች። ማይክሮችፑ ባለፈው ወር ተቀብሯል፣ ክትባቱም ተሰጥቷል። ለደም ምርመራው አሥራ አንድ ቀን ይቀረናል።