ያውቁ ኖሯል? ጄሉና ኪኒኑ
ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ጉልበትን የሚፈትነው ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ለሕመሙ ኪኒን ይውጣል። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ግን በጄል መልክም አለ፤ አንድ ጉልበት ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚዘልቀው መድኃኒት በኪኒን ከሚገባው 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጨጓራንና ኩላሊትን የመጉዳት ዕድሉ ያንሳል። ለጉልበትና ለእጅ ጣቶች ይረዳል፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ጥልቅ ስለሆነ እምብዛም አይደርስበትም። «ካላቃጠለ አልሠራም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ የሚያቃጥሉት ቅባቶች ሌላ ዓይነት ናቸው። ቁስል ላይ አይቀቡት፤ ቀብተው በፋሻ አይጠምጥሙት፤ ያለ ሐኪም ምክር ከኪኒኑ ጋር አይደርቡት። ነፍሰ ጡሮችና አስም ያለባቸው አስቀድመው ባለሙያ ያማክሩ። መገጣጠሚያዎ ድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለዎት ቅባቱን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።