የስንዴ ዋግ በጥቁርና ነጭ ገጽ

አርሲ ውስጥ ከኢተያ እስከ በቆጂ ለስንዴ በሽታ ቅኝት የሚወጣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ቦርሳው ወረቀት ብቻ ነው። የዝርያ መግለጫው፣ የበሽታ መለያው፣ የፀረ ፈንገስ አጠቃቀሙ ሁሉ አብሮት ይዞራል፤ የነሐሴ ዝናብም ግማሹን ያበሰብስበታል። ዘንድሮ ያን ሁሉ ከጃኬት ኪስ በምትገባ፣ ክብደቷ 200 ግራም በማይሞላ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ጭኜ ወጣሁ።

ልዩነቷ ማሳ ውስጥ ወዲያው ይታያል። ቀትር ላይ ስልክ ቢያወጡ የሚያዩት የራስዎን ፊት ነው፤ የዚህች ገጽ ግን ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይጠራል። በስክሪኑ ውስጥ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ኃይል አይፈልጉም፤ ባትሪው የሚሠራው በዋናነት ገጽ ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ ቻርጁ ሳምንታት ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ቀበሌ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያሰጋኝ ቀለም አለማሳየቷ ነበር። ቢጫ ዋግን ከቡናማው የቅጠል ዋግ የምንለየው በቀለም አይደለም እንዴ? ጉዳዩ ለአርሲ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ፤ በ2013 ደግሞ ዲገሉ በግንድ ዋግ ተመታ። አንዱን ዋግ የቻለ ዝርያ ሌላውን ላይችል ስለሚችል፣ ማሳው ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ በትክክል መለየት ግድ ነው።

ግራጫው ስክሪን ግን በቀለም ስንተማመን የዘነጋነውን ቅርጽ አጉልቶ አወጣው። ቢጫ ዋግ ባደገ ቅጠል ላይ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ በመስመር ይሰለፋል። የቅጠል ዋግ ክብ ክብ እያለ ያለ ሥርዓት ይበተናል። የግንድ ዋግ ረዘም ብሎ የተክሉን ቆዳ ቀዶ ይወጣል፤ የተቀደደው ጠርዝ በጣት ይዳሰሳል። የበሽታውን ክብደት የምንገምትበት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የተሻሻለው የኮብ መለኪያም ከመነሻው የተሣለው በጥቁርና ነጭ ስለሆነ በዚህች ገጽ ላይ ምንም አልጎደለበትም። በዚያ መለኪያ መቶ በመቶ የሚባለው ዋግ ከቅጠሉ ስፋት 37 በመቶውን የሸፈነው እንደሆነ ሥዕሉን እያዩ ለአዲስ የልማት ሠራተኛ ማስረዳት ይቀላል። ለጋ ቡቃያ ላይ ግን ቢጫ ዋግ መስመር አይሠራም፤ እዚያ ባለ ቀለም ፎቶ ያስፈልጋል፣ ስልክም ከኪስ ይወጣል።

ትልቁ ችግር ያለው ከመሣሪያዋ ሳይሆን ከሰነዶቻችን ነው። ያሉኝ የአማርኛ መመሪያዎች ለሙሉ ወረቀት የተሰናዱ ፒዲኤፍ ናቸው። ባለ ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ፊደላቸው ደቅቆ አይነበብም፤ ቢያጎሉት መስመሩ ከገጹ ይወጣና ግራ ቀኝ ሲጎትቱ ሐሳቡ ይጠፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም ወደ ሌላ ቅርጽ ሲለወጡ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። በዩኒኮድ የተጻፈውን አንድ መመሪያ ኢፐብ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ ቀይሬ፣ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ስጭንበት ግን ፊደሉ እንደፈለግሁት ይተልቃል፣ መስመሩም ራሱን ያስተካክላል። በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ መመሪያ ያለ ምንም ተጨማሪ ፎንት ተከፈተ። አርሲ ላይ ምክራችን በአብዛኛው በዚያ ቋንቋ ነውና ደስ አለኝ። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ፊደሉን አተልቄ፣ «ኦቦ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ብዬ ስሰጣቸው ስለ ርጭት ጊዜ የሚለውን ክፍል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጎረቤቶቻቸው አነበቡላቸው።

መመሪያ የምታዘጋጁ የምርምር ማዕከላትና የግብርና ቢሮዎች፣ እባካችሁ ፒዲኤፉን ስታወጡ ከዚያው ጽሑፍ ኢፐቡንም አውጡ። የኬሚካል መጠን የያዘውን ባለ ብዙ ዓምድ ሠንጠረዥ ትንሽ ስክሪን አይችለውምና ለእያንዳንዱ መድኃኒት መጠኑን፣ የውኃውን ልክና የርጭት ጊዜውን ለይታችሁ በየገጹ አስቀምጡልን። የመኸር ዘር ሳይጀመር ብትልኩልን ለመጀመሪያው ቅኝት ይደርሳል።