ብሬክአውት፦ ያለ ፕሮግራም የተሠራ ጨዋታ

ከስክሪኑ አናት ላይ ባለቀለም የጡብ ግንብ ተደርድሯል። ከታች አንዲት አጭር መምቻ ግራና ቀኝ ትንሸራተታለች፤ በመካከል ኳስ ትመላለሳለች። ኳሷ የነካችው ጡብ ይጠፋል፤ መምቻዋ ከሳተቻት ግን አመለጠች፣ ተጫዋቹም ካሉት ሦስት ዕድሎች አንዱን አጣ። የአሜሪካው አታሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው፣ ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራው ብሬክአውት ይኸው ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከኩባንያው የቀድሞ ጨዋታ ከፖንግ ነው። ፖንግ እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። የአታሪ መሥራች ኖላን ቡሽኔልና ባልደረባው ስቲቭ ብሪስቶው ተጋጣሚውን አንስተው በቦታው ግንብ አቆሙለት።

ግንቡ 8 ረድፍ አለው፤ በየረድፉ 14 ጡብ። ከታች ጀምሮ ቢጫው 1፣ አረንጓዴው 3፣ ብርቱካናማው 5፣ ቀዩ 7 ነጥብ ያስገኛል። ኳሷ በ4ኛውና በ12ኛው ምት ትፈጥናለች፤ ብርቱካናማውንና ቀዩን ስትደርስባቸውም እንደዚያው። ግንቡን በስታ ጣሪያውን ከነካች ደግሞ የመምቻዋ ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ጨዋታው የሚቀጣው ጎበዙን ነው! ቢሆንም ቅጣቱ ካሳ አለው፦ በጠባብ ቀዳዳ ሾልካ ከላይ የገባች ኳስ በጣሪያውና በግንቡ መካከል እየነጠረች ጡቡን ትለቅመዋለች፤ ተጫዋቹም እጁን አጣጥፎ ያያል። ለእኔ የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው የዲፕማይንድ ተመራማሪዎች የስክሪኑን ምስልና ነጥቡን ብቻ ሰጥተው ያሠለጠኑት ፕሮግራምም ከብዙ ሙከራ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ደርሶበታል፤ ግንቡን በጎን በኩል መብሳት።

የመጀመሪያው ማሽን ግን ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረውም። ማይክሮፕሮሰሰር ስላልነበረው የኳሷ ንጥረትም ሆነ የነጥቡ ቆጠራ ሁሉም በቺፖችና በሽቦ ትስስር ይከናወን ነበር። ቀለሙም ቢሆን የስክሪኑ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ በሆነው መስታወት ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ ገንዘብ ያስወጣልና አታሪ ቺፕ ለሚቀንስ ሰው ጉርሻ መደበ።

ሥራውን የተረከበው ወጣቱ የአታሪ ሠራተኛ ስቲቭ ጆብስ፣ የሠራው ግን ጓደኛው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር። ዎዝኒያክ ቀን ሂውሌት ፓካርድ ውሎ ሌሊት ንድፉን እየሠራ በ4 ቀን ጨረሰው። የቺፑን ቁጥር ወደ አርባዎቹ አወረደው፤ ነገር ግን ንድፉ እጅግ ከመጠጋጋቱ የተነሣ ለፋብሪካ ምርት አልተመቸም፤ ለገበያ የቀረበው ማሽን እንደገና በሌሎች ተነደፈ። ክፍያውን በተመለከተ ዎዝኒያክ 350 ዶላር እንደደረሰውና ስለ ትልቁ ጉርሻ የሰማው ከዓመታት በኋላ እንደሆነ ተናግሯል። ጆብስ በበኩሉ ይህን አስተባብሏል።

ይሁንና ዎዝኒያክ ጨዋታውን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው፣ ራሱ ለነደፈው አፕል 2 ኮምፒውተር ቀለም፣ ድምፅና በእጅ የሚሽከረከር ማዞሪያ የጨመረለት በዋናነት ብሬክአውትን በቤዚክ የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ ለማጫወት ብሎ ነው። ቀድሞ ሽቦ መንቀልና ብየዳ ይጠይቅ የነበረው ለውጥ ያኔ በቁልፍ ሰሌዳ የሚከናወን ሆነ፤ የጡቡን ቀለም መቀየር የፈለገ አንድ ቁጥር ይለውጣል፣ ጨዋታውንም እንደገና ያስጀምራል።