የአጥንት ምትክና የእቶኑ ዲግሪ

የከብት አጥንት እቶን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውሃው ይተናል። ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ አጥንቱን አያይዞ የኖረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ማረር ይጀምራል፤ አጥንቱም ይጠቁራል። ሙቀቱ ሲጨምር ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ከሰሉ ተቃጥሎ ሲያልቅ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነጭ ቅሪት የአጥንትን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚይዘው ማዕድን ነው፤ ከካልሲየምና ከፎስፌት የተገነባ ሲሆን ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። የሚገርመው እሳቱ ቅርጹን አለማጥፋቱ ነው። የአጥንቱ ውስጠኛ ክፍል ቀዳዳዎች እርስ በርስ እንደተገናኙ ይቀራሉ።

ሐኪሞች ይህን ማዕድን የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው። በዕጢ፣ በአደጋ ወይም በጥርስ መነቀል የጎደለን አጥንት ለመሙላት እስከ ዛሬ ቀዳሚው ምርጫ የታካሚው የራሱ አጥንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዳሌው ይወሰዳል። ነገር ግን ይህ ሌላ ቁስልና ሌላ ሕመም ይጨምራል፤ የሚወሰደውም ውስን ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፍሬድ አልቢ ካልሲየም ፎስፌት የአጥንትን እድገት እንደሚያግዝ የጻፈው በ1920 ነበር። ዛሬ ምትኩ ከከብት አጥንት ይሠራል፤ ከባሕር ኮራል ይሠራል፤ ከፋብሪካ ዱቄትም ይሠራል። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ስፖንጅ ይነከርበታል፤ ከደረቀ በኋላ ስፖንጁ በእሳት ይጠፋና ቅርጹ በሴራሚክ ይቀራል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ስፖንጁ በፍጥነት ከተቃጠለ የሚወጣው ጋዝ ስሱን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እቶኑ በደቂቃ አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ እንዲጨምር ይደረጋል።

ቀዳዳ ካልኖረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የአጥንት ሴሎችና የደም ሥሮች ወደ ውስጥ እንዲዘልቁ ቀዳዳው ቢያንስ 100 ማይክሮሜትር ያህል መስፋት አለበት፤ ከ300 በላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከእነዚህ ሌላ በግድግዳው ውስጥ ከአሥር ማይክሮሜትር የሚያንሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ። የእቶኑ ሙቀት በይበልጥ የሚፈርደው በእነዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ 1000 ዲግሪን ሲሻገር ማዕድኑ አይቀልጥም፤ የሚነካኩት ቅንጣቶች ግን በመነካኪያቸው ላይ ይጣበቃሉ፤ ድልድዩ እየወፈረ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ቁሱ በሙሉ ይኮማተራል፤ ይጠነክራልም። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ይህ ነገር ስላልተፈጸመበት ነው፤ በዝቅተኛ እሳት ስለተተኮሰ ደቃቅ ቀዳዳዎቹ አልተደፈኑም፤ ውሃውም በግድግዳው እያለፈ ይተናል። የአጥንት ምትክ ሠሪም ጥንካሬውን ባገኘ ቁጥር ይህን አሳላፊነት ያጣል። ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉና የውስጥ ገጽታው ስለሚያንስ ሰውነት ቁሱን ለመብላት ይቸገራል፤ ምትኩ ለዓመታት ሳይሟሟ ሊቆይ ይችላል።

ይህን በገበያ ላይ ካሉ ሁለት ምርቶች ማየት ይቻላል። የስዊዘርላንዱ ባዮ-ኦስም የጀርመኑ ሴራቦንም መነሻቸው የከብት አጥንት ነው። የመጀመሪያው በኬሚካል ታግዞ በ300 ዲግሪ አካባቢ ስለሚዘጋጅ ክሪስታሎቹ እንደ ተፈጥሮው ደቃቅ ናቸው። ሁለተኛው ከ1200 ዲግሪ በላይ ስለሚያልፍ ክሪስታሎቹ ብዙ እጥፍ ያድጋሉ።

እሳቱን ይበልጥ መጨመር ሌላ ጣጣ አለው። ሃይድሮክሲአፓታይት 1300 ዲግሪን ሲያልፍ በውስጡ ያለውን ውሃ እየለቀቀ ወደ ሌሎች ፎስፌቶች መፈራረስ ይጀምራል። ትራይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው ዘመዱ ደግሞ 1125 ዲግሪ አካባቢ ከቤታ ወደ አልፋ መልክ ይቀየራል፤ አልፋው በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ይሟሟል። ሲቀየርም ስለሚሰፋ ቁሱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የፍየሎቹ ነገር ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ የሁለቱን ማዕድናት ድብልቅ አንዱን በ1150፣ ሌላውን በ1300 ዲግሪ ተኩሰው አጥንት በሌለበት የፍየል ጡንቻ ውስጥ ቀበሩ። በ1150 የተተኮሰው በጡንቻው መካከል አዲስ አጥንት አስበቀለ፤ በ1300 የተተኮሰው አላስበቀለም። ጠንካራው ተሸነፈ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጡት በዝቅተኛው ሙቀት ሳይደፈኑ የተረፉት ደቃቅ ቀዳዳዎች እንደሆኑ ይታመናል።

ይሁንና በዚህ ደካማ እሳት የተገኘ ቁስ የሰውን ክብደት ብቻውን አይሸከምም፤ ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በጭን አጥንት ላይ ሲሆን ቀዶ ሐኪሙ ጭነቱን በብረት ሳህንና ብሎን ያሳርፋል፤ ሴራሚኩን የሚያስገባው ክፍተቱን ለመሙላት ነው።