የጓሮ አትክልትና የእናቶች ጤና

በአዳማ፥ በሞጆና በመተሐራ ሙቀቱ ሲበረታ፥ ቤት ዘግታ የምትውል እናት ሐሳብ ይጫናታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ የድባቴ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ 1.5 ጊዜ ያህል በዝቶ ይታያል። ስለዚህ በማለዳ ጥቂት ጎመንና ቆስጣ መኮትኮትን እንመክራለን፤ ይኸውም አካልን ያንቀሳቅሳል፤ ልብን ከሐሳብ ያሳርፋል፤ ከጎረቤት ያገናኛል፤ ቅጠሉም ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገውን ፎሌት ይሰጣል።

ይሁን እንጂ የማጠጫው በርሜል ይከደን። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው የወባ ትንኝ ዓይነት በተጠራቀመ ውሃ ትራባለችና።

ደግሞም አትክልት ሐኪምን አይተካም። ሐዘን ወይም እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ የጸናባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ትምጣ፤ ሞትን የምትመኝ ግን በዚያው ዕለት ቤተ ሰቧ ያምጣት። መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎቻችሁ እናቶች እንድትነግሩልን እንለምናለን።