ስለ አሜሪካ የወርቅ መሐለቅ ብርቅነትና ይዞታ

አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ብር ሲገበያዩ፣ ጠርዙ የተበላውን ወይም መልኩ የደበዘዘውን ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር። የአሜሪካን የወርቅ መሐለቅ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴም ዛሬ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። (ዓመታቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ ይሠራ የነበረው ባለ 20 ዶላር የወርቅ መሐለቅ 33.436 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 900 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው። ስለዚህ የወርቁ ዋጋ ምን ጊዜም አለ። ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ብርቅነቱና ይዞታው ናቸው።

ብርቅነት የሚታወቀው ስንት እንደ ተሠራ በማየት ሳይሆን ስንት እንደ ተረፈ በመመርመር ነው። በ1927 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ 2,946,750፣ በዴንቨር ደግሞ 180,000 ባለ 20 ዶላር መሐለቆች ተሠሩ። የፊላዴልፊያው ዛሬም በገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ ከዴንቨሩ ግን የሚታወቁት ከ20 ያነሱ ናቸው። ምክንያቱም በ1933 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት እንዲያስረክብ ስላዘዙ፣ በግምጃ ቤት የተከማቸው መሐለቅ አብዛኛው ቀልጦ ጡብ ሆነ። ሁለቱን የሚለያቸው ከዓመቱ አኃዝ በላይ የተቀረጸች «ዲ» የምትባል አንዲት ትንሽ ፊደል ብቻ ናት።

ይዞታ ማለት የመሐለቁ ገጽ ምን ያህል ሳይፋቅ እንደ ቆየ ማለት ነው። መርማሪዎች ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል፤ 60 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከእጅ ወደ እጅ ያልዞረው ነው። በላይኛዎቹ ነጥቦች የአንድ ነጥብ ልዩነት እንኳ ዋጋውን በብዙ ሊያራርቀው ይችላል።

እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት መደብር አንድ ደንበኛችን አሜሪካ ከኖሩ ዘመዳቸው የወረሱትን መሐለቅ ለሽያጭ አመጡ። እንዲያምር ብለው በአመድና በሎሚ አሽተውት ነበር። የውጭ አገሩ ገዢ ጭረቱን አይቶ የወርቁን ክብደት ብቻ ከፈለ። ሰውዬው ያበሩት መስሏቸው ትርፋቸውን አጠፉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መሐለቅ በእጁ የገባ ሁሉ አይጠበው፣ አይወልውለው፤ ጠርዙን ብቻ ይያዝ። ዓመቱንና ፊደሉን በማጉያ መነጽር ይመልከት፤ ክብደቱን ይመዝን፤ ከመሸጡም በፊት ለታወቀ መርማሪ ያሳይ።