ችግኝ አፍልቶ መሸጥ ለአዲስ ቅዳም ታዳጊዎች የገቢ በር ነው

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አዲስ ቅዳም በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አካባቢው ደጋና ዝናብ የበዛበት ነው። የዝናቡ ብዛት በረከት የመሆኑን ያህል ጣጣም አለበት፤ ይኸውም የአፈሩን ለምነት ለዘመናት እያጠበ ወስዶ መሬቱን አሲዳማ አድርጎታል። በዚህ ምክንያት ገብሱና ጤፉ በድካሙ ልክ ምርት አልሰጥ ያለው የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ በማሳው መትከል ጀመረ። በተለይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ተክሉ በወረዳው እጅግ ተስፋፍቶ ቀድሞ የተራቆቱ ኮረብታዎች ደን ለብሰው ታይተዋል።

የገበሬው ዘዴ ለሌላም አካባቢ የሚጠቅም ስለሆነ በአጭሩ መግለጹ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ክረምት ችግኙ ሲተከል በመካከሉ ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ዛፉ ከፍ ሲል ከሥሩ የሚበቅለው ሣር እየታጨደ ለከብት ይውላል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ከዚያም መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይቀበላል። ዛፉ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ በሥሩ አማካይነት ለአፈሩ ስለሚያቀብል፣ ርግፍ ቅጠሉም ስለሚበሰብስ የደከመው መሬት ያገግማል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የታዳጊ ወጣቶች እጅ ያልገባበት ቦታ የለም። ዘር የሚለቅም፣ መደብ ውኃ የሚያጠጣ፣ ችግኝ ተሸክሞ የሚያደርስ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ጆንያ የሚሰፋ፣ ጋሪ የሚነዳ ማን ነው ቢባል አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያለው የገበሬው ልጅ ነው። ይሁንና የድካሙ ዋጋ በእጁ ሲገባ የሚታየው ከስንት አንዱ ነው።

ከ2012 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በዲከረንሱ ላይ ክፉ ነገር ደረሰ። ዋግ መሰል የዝገት በሽታ ደኑን ወረረው። በሽታው ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን ቡናማና ብርቱካን በመሰለ ቡግንጅ ይሸፍናል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። የዚሁ ዓይነት በሽታ በደቡብ አፍሪካ በዲከረንስ የቅርብ ዘመድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 መታየቱ ይታወቃል። በዚያ ትላልቅ የተክል ኩባንያዎች የፈንገስ መድኃኒት እየረጩ ይከላከሉታል። ሩብ ሄክታር ዛፍ ላለው የፋግታ ገበሬ ግን መድኃኒትና መርጫ ገዝቶ ያንን ሁሉ ዛፍ መርጨት የሚታሰብ አይደለም። በመሆኑም ያልደረሰ ዛፍ ያለ ጊዜው ተቆርጦ ከሰል ሆነ፤ ለሽያጭ የተዘጋጀ ችግኝም ገዢ አጣ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት መንገድና ገበያን አስተጓጎለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቤት ሲውሉ ለየወላጆቻቸውም ሆነ ለቀበሌ መሪዎች ምን ያህል እንደሚያሳስብ መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄው ዛፍ መትከል ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል ብቻ አይደለም። ገጠሬው እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር እያለ በሚጠራው ቀበሌ ውስጥ ያለው የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ዛፍ ዕጣ ጋር ሳይታሰር የራሱ የሆነ ትንሽ ሥራ እንዴት ይጀምር የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ የታሰበው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ነበር። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ በሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ስለሆነ የብድር ውል ፈርሞ ገንዘብ መውሰድ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜም በስሙ የሚቆጠር የመሬት ይዞታ የለውም። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው ሥራ ብድር የማይፈልግ፣ ብዙ መሬት የማይጠይቅ፣ ከትምህርት ሰዓት የማይጋጭ ሊሆን ይገባዋል። ችግኝ ማፍላት ሦስቱንም ያሟላል።

ከአንድ መደብ መጀመር

ለጀማሪ ልጅ አንድ ሜትር ወርድና አምስት ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ይበቃል። ቦታው ለውኃ የቀረበ፣ ከብት የማይረግጠው፣ በታመመ ዲከረንስ አጠገብ ያልሆነ መሆን አለበት። የዋጉ ዱቄት በነፋስ ስለሚጓዝ ከታመመ ደን ሥር መደብ ማውጣት ከወዲሁ በሽታ መዝራት ነው።

የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ እንዲሁ ቢዘራ ለወራት ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውኃ አፍልቶ ከእሳት ላይ ማውረድ፣ ዘሩን በውስጡ መጨመር፣ እስኪቀዘቅዝ ትቶ ማሳደርና በማግሥቱ ያበጠውን ለይቶ መዝራት ነው። ሳያብጥ የቀረው ድጋሚ በፍል ውኃ ይነከራል። ዘሩን በእሳት ላይ እያለ መቀቀል ግን ይገድለዋል።

አፈሩ ሦስት እጅ የአካባቢው አፈር፣ ሁለት እጅ የደን አፈር ወይም የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደርጎ ይደባለቃል። ለግራር ከጤነኛ የቆየ ግራር ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ቢጨመርበት ለሥሩ የሚጠቅሙት ረቂቅ ሕዋሳት አብረው ስለሚመጡ ችግኙ ይፈረጥማል። ድብልቁ በችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ተሞልቶ በመደቡ ላይ ይደረደራል። ፕላስቲክ መግዛት ያልቻለ በቀጥታ በመደብ ላይ ሊያፈላ ይችላል፤ ሆኖም ችግኙ ሲነቀል ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጭድ ጠቅልሎ በዕለቱ ማስተከል ያስፈልገዋል።

በየካቲት የተዘራ እስከ ሰኔ ማብቂያ አራት ወር ያህል ያገኛል። በነዚህ ወራት ማለዳና ወደ ማታ ውኃ ማጠጣት፣ ማረም፣ ከቀትር ፀሐይ የሚከላከል ዳስ ማበጀት የልጁ ሥራ ነው። ሥሩ ፕላስቲኩን በስቶ ወደ መሬት እንዳይገባ ችግኙን በየጊዜው ማንሳትና ሥሩን መቁረጥ ይገባል። ለተከላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዳሱ ይነሳል፤ ውኃውም ይቀነሳል። በጥላና በውኃ ተቀማጥሎ ያደገ ችግኝ ማሳ ላይ ሲወጣ እንደ ከተማ ልጅ ይደነግጣልና።

ሒሳቡን ልጁ ራሱ ቢይዘው መልካም ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000 ፕላስቲክ የሞላ ልጅ ከአምስት አንዱ ቢሞትበት 800 ችግኝ ይቀረዋል። ፕላስቲክና ዘር የገዛበትን ገንዘብ በ1,000 ሳይሆን በ800 ሊያካፍል ይገባል፤ የአንዱ ችግኝ ወጪ የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን ሳያውቅ ገበያ የወጣ ልጅ ነጋዴ የጠራለትን ዋጋ ተቀብሎ ከስሮ እያለ ያተረፈ ይመስለዋል። በሒሳብ ደብተሩ ትምህርት ቤት የተማረውን ማካፈል ሲሠራበት የኖረ አባት ደግሞ ልጁን ከትምህርት ለማስቀረት ያመነታል።

ትልቁ አደጋ የገበያው ነው። ችግኝ እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም፤ ነሐሴ ካለፈ ገዢ የለውም። በመንደሩ ያለ ሁሉ አንድ ዓይነት ችግኝ ያፈላ እንደሆነ ዋጋው በአንድ ቅዳሜ ይወድቃል። ስለሆነም ዘር ከመነከሩ በፊት ጎረቤት ገበሬዎች በመጪው ክረምት ምን ያህልና ምን ዓይነት ችግኝ እንደሚፈልጉ ዞሮ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል። ከዋጉ መከራ በኋላ መደቡን በሙሉ ለዲከረንስ መስጠት ብልህነት አይደለም። ግማሹን ለዚያ፣ የቀረውን ለጌሾ፣ ለመኖ ለሚሆነው ትሪሉሰርን፣ ለወይራ፣ ለኮሶ ማካፈል ይቻላል። ከእንጅባራ አካባቢ ጋር ስሙ የተያያዘው የደጋ ቀርከሃም ለአጥርና ለቤት ዕቃ ሁልጊዜ ተፈላጊ ነው፤ እርሱ ግን የሚራባው በአብዛኛው ከሥሩ ተከፍሎ ስለሆነ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል።

ዶሮዋ የልጁ፣ በጉ የአባት

ችግኝ የወራት ሥራ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚሞላው እርባታ ነው። በገጠሩ ለልጅ ዶሮ መስጠት፣ ዶሮዋ ረብታ በግ፣ በጉ ተሽጦ ጊደር እንዲሆን ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ የተሻለ የንግድ ትምህርት ቤት ሊገኝም አይችልም። ችግሩ መሰላሉ መሀል ላይ መሰበሩ ነው። ዶሮዋ የልጁ ሆና ትቆይና በጉ ሲደልብ ለማዳበሪያ ዕዳ ወይም ለድግስ ተሽጦ የአባት ይሆናል። አባት ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዕዳው የቤቱ ሁሉ ስለሆነ ነው። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለሁለተኛው በግ ሣር ለማጨድ አይቸኩልም።

አካባቢው ለበግ የታደለ ነው። ዋሸራ፣ በሌላ ስሙም የዳንግላ በግ የሚባለው ቀንድ አልባና ጸጉረ አጭር ዝርያ በሥጋው የታወቀ ነው። ከዲከረንስ ሥር የሚታጨደው ሣር ለዚህ በግ ይሆናል። ሁለት ጠቦት ገዝቶ ሦስት ወር ያህል በሣርና በጥቂት የኑግ ፋጉሎ አድልቦ ለፋሲካ ወይም ለዕንቁጣጣሽ ማድረስ ለአንድ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። ዶሮ የሚያረባም ቢሆን የበዓሉን ቀን ቆጥሮ ሊነሳ ይገባል። በ55ቱ ቀን የሁዳዴ ጾም እንቁላል ይረክሳልና ያን ጊዜ ከመሸጥ ማስታቀፉ ይሻላል። ቄብ ገዝቶ የፈንግል ክትባት ሳያስከትብ የቀረ ግን በአንድ ሳምንት ባዶ ቆጥ ሊያገኝ ይችላል። በየቀበሌው የተመደበውን የእንስሳት ልማት ሠራተኛ ቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል። ሴቶች ልጆችም በዚህ ሥራ ከወንዶቹ ያልተናነሰ ልምድ አላቸው፤ እንቁላሉን ተሸክመው ገበያ የሚወጡት እነርሱ ናቸውና ገንዘቡም በስማቸው ሊቀመጥ ይገባል።

ለታዳጊ የማይሆነው ሥራ ከሰል ማክሰል ነው። እንጨቱ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ ለቀናት ሲታፈን ሌሊት ሳይቀር ጠባቂ ይፈልጋል። ክምሩ ሲደረመስ ያቃጥላል፤ ጭሱም ሳይታወቅ የሚያደነዝዝ መርዝ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣትም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራና በሌሊት ማሠራት አይፈቅድም። የቀን ሥራውም ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህን የሚያስታውስ የቀበሌ መሪ ከሰል አክሳዮቹን ጠርቶ ቢነግራቸው ጥላቻ አያተርፍም፤ ልጁ የተቃጠለበት አባት መጀመሪያ የሚወቅሰው ዝም ያለውን ነው።

መሪዎች ማድረግ የሚችሉት ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ግቢ ወይም በወል መሬት ዳር ውኃ የሚደርስበት ጥግ ተከልሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መደብ ቢሰጥ፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው በሳምንት አንድ ቀን ቢጎበኛቸው ሥራው ይጀመራል። ውኃ ማጠጣቱን በወንፈል እየተፈራረቁ ቢሠሩት የፈተና ሳምንት ሲመጣ የማንም መደብ አይደርቅም። የገንዘቡን ነገር በተመለከተ የልጁ የቁጠባ ደብተር በወላጅ ወይም በአሳዳጊ አማካይነት ሊከፈት ይችላል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክም ሆነ የገበሬው የቁጠባ ማኅበር ለዚህ ቅርብ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን አባት፣ እናትና ልጅ ሽማግሌ ባለበት ተቀምጠው ከሽያጩ ስንት እጅ ለቤቱ፣ ስንት እጅ ለልጁ እንደሚሆን ቢነጋገሩና ቢጽፉት በኋላ የሚነሳው ቅሬታ ይቀንሳል። ጽሑፉ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ውል እንዲሆን አይጠበቅም፤ በጉ ሲደልብ አባትን የሚያሳፍር ምስክር ከሆነ ይበቃል።

ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያጠራቀመውን ይዞ፣ አብረውት መደብ ያጠጡትን አስተባብሮ በማኅበር መደራጀትና መበደር ይችላል። ያን ጊዜ አበዳሪው የሚያየው የሦስት ዓመት የሽያጭ ደብተርና የቁጠባ መዝገብ ነው።

ለመጪው ክረምት ተከላ ዘር የሚለቀመውና መደብ የሚዘጋጀው በበጋው ነው። በታኅሣሥ ጉባኤ አጀንዳ ላይ ቦታው ከተወሰነ በጥር መሬቱ ተቆፍሮ ይታጠራል፤ በየካቲት መጀመሪያም ዘሩ በፍል ውኃ ይነከራል።